ጋሽ ሬሳ ሚስቱን ሲጽፍ

ሰፈሩ «ጋሽ ሬሳ» ይለዋል። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ እሱ ግን አንድም ቀን ቅር ብሎት አያውቅም። እንዲያውም ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ «ጋሽ ሬሳ፣ ቀጣዩ መቼ ይወጣል?» ሲሉት ደረቱን ነፋ አድርጎ «እየተገነዘ ነው» ይላል። አስፈሪ ልቦለድ ጸሐፊ ነው። ሙታን ከመቃብር ሲነሡ፣ ጉድጓድ የገባች ሙሽራ ስትጣራ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ቧንቧ ደም ሲያንጠባጥብ ጽፎ ጽፎ፣ ከዚያ ተነሥቶ ቁርሱን በሰላም የሚበላ ሰው ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን በዚያ ሰፈር ከእሱ የባሰ ፈሪ አልነበረም። አይጥ ይፈራል። ሊፍት ይፈራል። የሆስፒታል ኮሪደር ሽታ እንኳ ይፈራል። ወረቀት ላይ ያን ሁሉ ሕዝብ የፈጀ ሰውዬ ዕድሜው ሃምሳን እስኪያልፍ ድረስ የእውነት ሬሳ አይቶ አያውቅም ነበር። ቀብር ሲሄድ እንኳ ረጃጅም ሰዎች መርጦ ከጀርባቸው ነበር የሚቆመው። ሐዘን የሰበረው እንዲመስል አንገቱን ደፋ ያደርጋል፤ ሰዉም «አቤት፣ ሆደ ቡቡ ነው» ይለዋል።

ሚስቱ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። ፋርማሲስት ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ስትመዝንና የሐኪሞችን የዶሮ ጭረት ስታነብ ውላ ትመጣና ማታ የእሱን የዶሮ ጭረት ታነባለች። የጻፈውን ከሁሉ ቀድማ የምታየው እሷ ነበረች። ችግሩ፣ አስፈሪው ቦታ ላይ ስትደርስ ትስቃለች።

«ይሄ ሬሳ ሰባት ዓመት አፈር ውስጥ ከርሞ ሸሚዙ እንዴት ነጭ ሆነ? ማን አጠበለት?»

«አንቺ ምሥጢሩ አይገባሽም» ይላታል ተቆጥቶ።

«ምሥጢሩስ ገብቶኛል። አጠባው ነው ያልገባኝ።»

እሱም እያጉረመረመ ሸሚዙን ያቆሽሻል። ሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ ኖሩ። ከዚያ አንድ ቀን ማንኪያ በእጇ ይዛ የማንኪያን ስም አጣችው። ጭንቅላቷ ውስጥ እብጠት ተገኘ፤ ሐኪሞቹ ሊነኩት በማይችሉት ቦታ። ዓመት ሳይሞላት ሞተች። እሱም ለጠየቀው ሁሉ «እንቅልፍ እንደወሰዳት ነው የሄደችው» አለ። ሰውም እፎይ አለ። ሰው ሲሞት ለቀሪው የሚነገር ቃል የተዘጋጀ ነው፤ ደራሲም ቢሆን ከዚያው ከተዘጋጀው ላይ ነው የሚያነሣው።

አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ በዚያን ጊዜ አልነበሩም። በሌላ ከተማ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ከወራት በኋላ ከዘራ ተመርኩዘው፣ አንዲት ሻንጣ ይዘው፣ «ሁለት ሳምንት ላጽናናህ» ብለው መጡ። ሁለቱ ሳምንት ዓመት አለፈው። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ቤቱንም እንደ ትምህርት ቤት ያዙት። የመነሻ ሰዓት ወጣለት፤ የስኳሩ ዕቃ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ወጣ፤ ካልሲ ወለል ላይ መጣል ከለከሉት። ዐይናቸው ስለደከመ ደቃቅ ፊደል ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ ጋዜጣም ሆነ ደብዳቤ የሚያነብላቸው እሱ ነው። ሲሳሳትም «ድገመው» ይሉታል።

እንዲህ እያለ ነው አርታኢዋ የጠራችው።

አርታኢዋ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ቢሮዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እሱም በደረጃ ስለሚወጣ እያለከለከ ነው የሚደርሰው። ውሃ ሰጠችውና ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ በግልጽ እንነጋገር» አለችው። «አንባቢ ድሮ በሚፈራው ነገር አሁን አይፈራም። ቧንቧው ደም ቢያንጠባጥብ እንኳ ‹ተመስገን፣ ውሃ መጣ› ነው የሚለው።»

«እና ምን ልጻፍ?»

ብርጭቆውን ከፊቱ አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው። «ስለ እትዬ።»

ብርጭቆውን ወደ እሷ ገፋው።

«ማስገደዴ አይደለም። ግን ስለ ሞት ሲጽፉ ኖረው፣ እውነተኛው ሞት ቤትዎ ከገባ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፉም። አስፈሪ ይሁን፤ አንጀትም ይብላ። ሰው በአንድ ዐይኑ እየፈራ በአንድ ዐይኑ ያልቅስ።»

«አንዱን ዐይን ለይቶ የሚያስለቅስ ደራሲ እስካሁን አልተፈጠረም።»

«እርስዎ ይሞክሩታ!»

ተናዶ ወጣ። «ሚስቴን ለገበያ!» እያለ ሁለተኛው ፎቅ ድረስ ወረደ። አንደኛው ፎቅ ሲደርስ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መጣለት። በሩን ሲወጣ ሁለተኛውም መጣ። በራሱ አፈረ፤ ቢሆንም እንዳይረሳው በአፉ እየደጋገመ ወደ ቤቱ ፈጠነ።

መጀመሪያ የጻፈው የለመደውን ነው። ሚስቱን ከመቃብር አስነሣት። ነጭ አለበሳት፤ ከጸጉሯ ውሃ አንጠበጠበ፤ ጥፍሯ አደገ፤ ድምፅዋ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ሆነ። እንዲያውም ከመጠን በላይ ስለተዋጣለት ራሱ ይፈራት ጀመር። የታመመችበት ክፍል ከሞተች ወዲህ ተዘግቶ ነው የሚኖረው፤ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ደግሞ በዚያ በር ማለፍ ግድ ነው። በጠራራ ፀሐይ እየዘፈነ ማለፍ ጀመረ።

«ምነው፣ ዘፈን አበዛህ?» አሉት አማቱ።

«ሥራው ሞቅ ብሎልኝ ነው፣ እማማ።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን አጎርንኖ ጀመረ። «... ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ከስንጥቁም ውስጥ ጥፍሯ የረዘመ፣ የገረጣች እጅ ብቅ አለች ...»

«ቆይ» አሉ። «ማን ናት ይቺ?»

«እ... እሷ ናት።»

«ልጄ?»

«ልቦለድ ነው እኮ፣ እማማ።»

«ልጄ በር ታንኳኳለች። ግድግዳ ሰንጥቃ የምትገባ ልጅ አላሳደግሁም። ጥፍሯስ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የረዘመው? መድኃኒት የምትነካ ሴት በዚህ ጥፍር ሥራ ትገባለች?»

ለካ የአጠባው ጥያቄ በዘር የሚወረስ ነው! ሊስቅ ሲል ፊታቸውን አየው። ምስሩን ከጉድፉ ጋር አደባልቀው ወደ ሳህኑ ገለበጡትና ከዘራቸውን አነሡ።

«ልጄን የሕፃን ማስፈራሪያ አደረግሃት» ብለውት ወጡ። ሳምንቱን ሙሉ ከ«ተነሣ» እና ከ«ብላ» ሌላ ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

ጋሽ ሬሳ ተጸጸተ፤ የተጸጸተ ደራሲ ደግሞ ከማንም የከፋ ነው። ወረቀቱን ቀደደና ወደ ሌላኛው ጫፍ ሮጠ። አሁን ፍቅር ብቻ ሆነ። ነጭ መጋረጃ በነፋስ ተንሳፈፈ። የከሰዓት ፀሐይ ትራሱ ላይ አረፈች። መስኮቱ ላይ ወፍ መጣች፤ ወፏ ምን እንደምትሠራ ስላላወቀ እንድትዘምር አደረጋት። ሚስቱ እጁን ይዛ አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን የስንብት ንግግር አደረገች። ይህን ሲጽፍ አለቀሰ። በራሱ ዓረፍተ ነገር ነበር ያለቀሰው። ከዚህ በላይ የደራሲ ውርደት የለም፤ እሱ ግን ሲያለቅስ በመስተዋት ራሱን አየና እንባው እንዴት እንደሚወርድ ለቀጣዩ ገጽ አጠናው።

ከአማቱ ጋር ለመታረቅ ጥሩ መስሎት፣ ምስር ሲለቅሙ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አነበበላቸው።

«‹ውዴ ሆይ› አለችኝ እንደ ሐር በለሰለሰ ድምፅ፤ ‹እኔ ብሄድም ፍቅራችን እንደ ...›»

እንግዳ ድምፅ ሰማ። ቀና ሲል አማቱ ናቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሱ መስሎት ሊነሣ ሲል ሳቁ አፈተለከ።

«ውዴ ሆይ!» አሉ፣ እያሳላቸው። «ኧረ ልጄ ‹ውዴ ሆይ› ብላ አታውቅም! ምን ነበር የምትልህ አንተን?»

አቀረቀረ። «‹አንተ ደንቆሮ›።»

«እኮ!» እንባቸውን ጠረጉ። «ንግግሯስ አላለቀም እንዴ? ይህን ሁሉ ተናግራ የምትሞት ሴት ከአንተም ከእኔም የተሻለ ጤና አላት።»

ወረቀቱን አጠፈው። እሳቸውም ሳቁ ቀስ በቀስ ለቀቃቸው። ሲለቃቸው ፊታቸው ሌላ ሆነ።

«ያቺ ግድግዳ የሰነጠቀችው ልጄ አይደለችም» አሉ። «ይቺ ባለ ወፏም ልጄ አይደለችም። እንዴት ሞተች?»

«ነግሬዎታለሁ እኮ። እንቅልፍ እንደወሰዳት ...»

«ዕድሜ ልኬን ልጆች ሲዋሹኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ውሸት ሲመጣ በበሩ ሳይገባ ነው የሚሸተኝ።» ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ዳሌዬ ነው የተሰበረው እንጂ ጆሮዬ አልተሰበረም። ስልክ ስደውል ከኋላህ የምትጮኸው ማን ነበረች? ‹ጎረቤት ናት› አልከኝ። መጥቼ ጎረቤትህን አየኋት፤ ሳል እንኳ በሹክሹክታ የምትስል ሴት ናት።»

ጋሽ ሬሳ የታጠፈውን ወረቀት ዳግመኛ አጠፈው። ያን ሁሉ መጽሐፍ ሲጽፍ ገጸ ባሕርዮቹ መልስ አጥተው አያውቁም ነበር።

«ማወቁ ምን ያደርግልዎታል፣ እማማ?»

«ልጅቷ የእኔ ናት። ስትወለድ ያየሁ እኔ ነኝ፤ እሱም ቢሆን የሚያምር ነገር አልነበረም።»

እና ነገራቸው። ያለ ወረቀት፣ ድምፁን ሳያጎረንን፣ ምስሩ መካከላቸው ተቀምጦ።

መጀመሪያ የዕቃ ስም ነበር የጠፋባት። ቀጥሎ የእሱን ስም ከወንድሟ ስም ጋር ቀላቀለች። ከዚያ አንድ ጠዋት ቁርሷን በትሪ ይዞ ሲገባ አየችው፤ ፈራችውም። የፈራ ሰው ፊት ሲገልጽ ነው እንጀራ የበላው፦ ዐይን ይፈጣል፣ ከንፈር ይገረጣል፣ ጸጉር ይቆማል። እንደዚያ አልነበረም። ፊቷ አነሰ። የጠፋች ሕፃን ፊት ሆነ። ብርድ ልብሱን በሁለት እጇ አንገቷ ድረስ ስባ፣ «ባሌ አሁን ይመጣል፤ ቢያገኝህ ይገድልሃል» አለችው።

«እኔ!» አለ ለአማቱ፣ ደረቱን በጣቱ እየነካ። «እኔ እኮ አይጥ ገድዬ አላውቅም!»

ከዚያ ወዲህ ባየችው ቁጥር ትጮሃለች። ጠዋት ጠዋት የምትመጣዋን ነርስ ታስገባለች፤ እሱን ግን «ሌባ!» ትለዋለች። ቀርቦ ሊያረጋጋት ሲሞክር ይባስባታል። ስለዚህ ከበሩ ውጭ ወለል ላይ ተቀምጦ ይውላል። በስልክ የሰሙት ጩኸት እሱ ነበር።

«ከዚያስ?» አሉ አማቱ። ድምፃቸው አልተለወጠም።

«ከዚያ አምፖሉ ተበላሸ።»

የክፍሏ አምፖል ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ብልጭ ባለ ቁጥር ትደነግጣለች። የዚያች ጎረቤት ባል ጋ ሄዶ የሥራ ኮፍያና የዕቃ ቦርሳ ተዋሰ፤ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ድረስ አጠለቀና በሩን አንኳኳ።

«ማነው?»

«ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፣ እትዬ። አምፖሉን ለማየት ነው።»

«ግባ። ጫማህን ጥረግ።»

ገባ። ሳትጮህ ስታየው ቆየች። እሱም ወንበር ላይ ቆሞ ጣሪያውን እንደሚያውቅ ሰው አንጋጠጠ፤ አንድ እጁ ግን ግድግዳውን የሙጥኝ ብሎ ነበር፤ ከፍታም ይፈራልና።

በማግስቱም መጣ። በሌላው ቀንም መጣ። አምፖሉን ሆን ብሎ አልሠራውም፤ ከተሠራ መግቢያ ያጣል። ሚስቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ እያላት ያጫውታታል፤ እሷም እሱን ለእሱ ታማዋለች።

«ባለቤትዎ አይሠራውም እንዴ፣ እትዬ?»

«ባሌ? ባሌ ሬሳ ያስነሣል እንጂ አምፖል አያስነሣም።»

አማቱ በአፍንጫቸው ሳቁ። እሱ ግን ቀጠለ፤ ካቆመ ሁለተኛ እንደማይጀምረው ገብቶታል።

አንድ ቀን ትጋቱን ሊያሳያት ፈልጎ ሽቦውን በእርግጥ ነካው። ማብሪያውን አላጠፋም ነበር። ኤሌክትሪኩ ይዞ ወረወረውና ከነወንበሩ ወለሉ ላይ ተዘረጋ፤ ኮፍያውም ወለቀ። ከአልጋው ላይ ድምፅ ሰማ። «አንተ ደንቆሮ! ማብሪያውን ሳታጠፋ?» የዱሮው ድምፅዋ ነበር። ከአልጋው ጎንበስ ብላ እያየችው ነው፤ ፊቷም የራሷ ነው። እሱም ወለሉ ላይ ተንጋሎ፣ ጣቱ እየተቃጠለ፣ በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። «እኔ ነኝ» አላት። ያን ጊዜ አፉን ባይከፍት ምን ነበረበት! ትንሽ ቆይታ ዐይኗ ደፈረሰና፣ «አንተ ማነህ?» ብላ ጮኸች። እንደገና ኮፍያውን ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ ጮኸች።

መጨረሻው ላይ ማንቀጥቀጥ ጀመራት። መድኃኒት ሊሰጣት አፏን ሲከፍት አውራ ጣቱን ነክሳ ያዘችው፤ ነርሷ መጥታ ነው ያስለቀቀችው። ጠባሳውን አሳያቸው። አማቱ እጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ስበው፣ በደከመ ዐይናቸው አቅርበው አዩት፤ በአውራ ጣታቸውም ዳበሱት።

«የታችኛው ጥርሷ ነው» አሉ። «ትንሽ ጠማማ ነበር።»

«እማማ፣ አንድ ነገር አለ። ከመናገር የከለከለኝ እሱ ነው።»

«በል።»

«ከመሞቷ በፊት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጤነኛ ሰው እንደሚያወራ አወራችኝ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ማለቴ ነው። ‹አየህ› አለችኝ፤ ‹መሞቴ ነው መሰለኝ። ባሌ ሬሳ አይቶ አያውቅም። በመጽሐፍ ያስመስላል እንጂ ነፍሱ የወፍ ናት። አንተ ጠንካራ ሰው ትመስላለህ። የሞትኩ ቀን አንተ ቀድመህ ግባልኝ። ዐይኔን ክደንልኝ፤ አፌንም ጥረግልኝ። ከዚያ እሱን ጥራው።›»

አማቱ አንዲት የምስር ፍሬ በጣታቸው ይዘው ነበር፤ ያዟት እንጂ የት እንደሚያስቀምጧት የጠፋቸው ይመስሉ ነበር።

«እና?»

«እና ቃል ገባሁላት። ሞተች። እንቅልፍ አልነበረም። ምላሷን ነክሳ ትራሱ ደም ሆኖ ነበር፤ ዐይኗ ተከፍቶ አንዱ ወደ በሩ፣ አንዱ ወደ ግድግዳው ያያል። ልብሷም ርሷል። ነርሷ ነበረች መጥታ የነገረችኝ። በሩ ላይ ቆሜ ስመለከት እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ነፍሴን ልስት ነበር። ከዚያ ኮፍያውን አደረግሁ።»

«አደረግኸው?»

«አደረግሁት። አንኳኳሁ። ጫማዬን ጠረግሁ። ገብቼ ዐይኗን ከደንኩላት፤ አፏን ጠረግሁላት፤ ከነርሷ ጋር ልብሷን ቀየርንላት። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጅ ነዋ። ሲያልቅ ወጣሁና ኮፍያውን አውልቄ በሩ ላይ ቆምኩ። ማን ይጠራኛል? ራሴን በስሜ ጠራሁና ገባሁ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።»

አማቱ የምስር ፍሬዋን ወደ ሳህኑ መለሷት። ከዚያ፣ «ኮፍያው የታለ?» አሉ።

ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጣቸው። ዘይትና አቧራ የጠጣ አሮጌ ኮፍያ ነው። አገላብጠው አዩት፤ አሸተቱት።

«የጎረቤት ነው አልክ?»

«አዎ።»

«አልመለስክለትም?»

«አልመለስኩም።»

«እንግዲያስ ‹ሌባ› ማለቷ እውነቷን ነው።»

ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። ምስሩ እስኪፈስ ድረስ ሳቁ። በመካከሉ የአማቱ ሳቅ አቅጣጫውን ቀየረ፤ ኮፍያውን ፊታቸው ላይ ይዘው፣ እንደ ትልቅ ሰው ሳይሆን እንደ ልጅ አለቀሱ። ጋሽ ሬሳ በልቦለዱ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚደርስ ሰው ምን እንደሚያደርግ ጠንቅቆ ያውቃል፤ አሁን ግን አንድም ትዝ አላለውም። ዝም ብሎ ክንዳቸውን ያዘ፤ አልቅሰው እስኪጨርሱም አልለቀቀም።

ሲጨርሱ አፍንጫቸውን ተናፍጠው፣ «ጻፈው» አሉት። «ምላሷን መንከሷንም ጻፍ። ስታጣፍጠው ካገኘሁህ በዚህ ከዘራ ነው የምልህ።»

መጻፉ ከመናገሩ ከበደ። ፍርሃቱ በረታ ሲል ልማዱ ይነሣበትና መብረቅ ይጨምራል፤ ፍቅሩ በረታ ሲል ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ይወፍርበታል። ሁለቱም ሲጠነክሩበት በቀልድ ይሸሻል። በየጠዋቱ ያነብላቸዋል፤ አማቱ ከውሸት ሲደርሱ ወለሉን በከዘራ ይመታሉ። በአንዳንዱ ምዕራፍ ከምቱ ብዛት የታችኛው ፎቅ ተከራዮች መጥተው «ሰላም ነው?» ብለው ጠየቁ። «አረፈች» ብሎ የጻፈውን «ሞተች በል» አሉት። ስለ ደሙ «ብዙ ደም» ብሎ ስለነበረ «ስንት ነበር?» አሉት። አሰበና «የመዳፍ ያህል» አለ። «እንግዲያ የመዳፍ ያህል በል።» የመዳፍ ያህል ሲሆን ከብዙው ይበልጥ አስፈራው።

አርታኢዋ አንብባ ስታበቃ ራሷ ቤቱ ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ» አለች። «ኮፍያ አድርገው የገቡበት ... አንባቢ ያምነዋል ብለው ነው?»

«እኔም አላምነውም። ግን እዚያው ነበርኩ።»

አልተከራከረችም። የሚያከራክረው ሽፋኑ ነበር። ሠዓሊው መጽሐፉን ሳያነብ አምፖል የጨበጠ የአጽም እጅ ሣለበት፤ ደራሲውም ፈርቶ ዝም አለ። መጽሐፉ ሲወጣ አንድ መደብር ከኤሌክትሪክ ጥገና መጻሕፍት መካከል ደረደረው። የቆዩ አንባቢዎቹ ጥቂቶቹ ተቆጡ፤ «አንድም የሚነሣ ሬሳ የለበትም፤ ተጭበርብረናል» አሉ። ሌሎቹ ግን መንገድ ላይ ያቆሙትና ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ እናታቸው፣ ስለ ባላቸው፣ ስለ ታናሽ እህታቸው ይነግሩታል። ያላማረውን ነው የሚነግሩት፤ ለማንም ያልነገሩትን። እሱም ቆሞ ይሰማል። አንዲት የሰፈሩ ሴት ግን ምንም ሳትነግረው፣ «ሶኬቴ አልሠራ ብሏል፤ ብቅ በልልኝ» ብላዋለች።

መጽሐፉ በወጣ በወሩ አማቱ ሻንጣቸውን አዘጋጁ።

«ሁለት ሳምንቱ አለቀ» አሉ።

ጠዋት አውቶቡስ ጣቢያ ወሰዳቸው። መስኮት አጠገብ አስቀመጣቸው፤ ከዘራቸውን ከእግራቸው ሥር፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረገላቸው። ከጎናቸው የተቀመጠችው ጎልማሳ ሴት እንድትረዳቸው አደራ አላት። ሊወርድ ሲል እጁን ያዙትና ጠባሳውን አንድ ጊዜ ዳበሱት፤ ከዚያ፣ «ካልሲህን አንሣ» ብለው ለቀቁት።

ቤቱ ሲመለስ ጭር ብሏል። ወጥ ቤት ገብቶ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሄደ፤ ዛሬ አልዘፈነም። የተዘጋው በር ፊት ቆመ፤ ከዚያ ከፈተው። መስኮቱን ከፈተ። አቧራ በዝቶበታል እንጂ ክፍል ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ምናልባት መሮጥ ቢያስፈልግ ብሎ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ጠበቀ። ፀሐይ ናት፤ ውጭ አንድ ሰው ምንጣፍ ያራግፋል። ግድግዳው አልተሰነጠቀም። ማንም አልመጣም። የፈራው አለመምጣቷን እንደነበር ያወቀው ያኔ ነው። ሲጠብቅ ሲጠብቅ ከነጫማው ጋደም አለና እንቅልፍ ወሰደው።

የቀሰቀሰው ስልክ ነው። አማቱ ናቸው፤ ከኋላቸው የአውቶቡሱ ሞተር ይጮሃል።

«ሰማህ? ይቺ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ‹ልጅ አለዎት?› አለችኝ። ነበረችኝ አልኳትና ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት። አሁን አለቀሰችብኝ፤ አላቆም አለች፤ ሾፌሩም እየተቆጣ ነው። አንተ አነጋግራት።»

«እኔ? ምን ልበላት እኔ?»

«ደራሲው አንተ አይደለህ?»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተንኳኳ። ከዚያ ጠዋት አደራ ያላት ሴት ትንፋሽ መጣ፤ እየተቆራረጠ።

«እህቴ» አላት፣ አልጋው ላይ ቀና ብሎ። «አይዞሽ።»

«እውነት ነው እንዴ?» አለችው። «እማማ እውነት ነው ይሉኛል።»

«እውነት ነው።»

ሞተሩ ብቻ ይሰማል። «እናቴ ስትሞት» አለች ከዚያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «እኔ ከክፍሉ ሮጬ ወጣሁ።»

ጋሽ ሬሳ ትራሱን ወደ ግድግዳው አስደግፎ ተመቻቸ።

«ንገሪኝ» አላት።